«2.71 ይዤ ባንክ እቀጠራለሁ?»

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዓመትን ጨርሻለሁ። ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) ከ4.00 2.71 ነው። ሕልሜ ባንክ መሥራት ነው። አባቴ ‹ከ3 ነጥብ በታች ይዘሽ ሥራ አታገኚም› ይለኛል። ወንድሜ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። እሱ ደግሞ ‹ግሬድ ምንም አያደርግልሽም፣ ዋናው ዘመድ ነው› ይላል። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። ትቼው ጥናት ላይ ብቻ ላተኩር? ማንኛቸው ናቸው ልክ?»

እህቴ፣ አባትሽም ወንድምሽም ያዩትን ነው የሚነግሩሽ። አባትሽ የቅጥር ማስታወቂያ ላይ «3.00 እና ከዚያ በላይ» የሚለውን አንብበዋል። ወንድምሽ ደግሞ አመልክቶ አመልክቶ ስልኩ ያልጠራለት ልጅ ነው። ተመርቆ ቤት መቀመጥ ከባድ ነው፤ የሚያናግረው ምሬቱ ስለሆነ አትቀየሚው። ግን የሁለቱንም ምክር እንዳለ ብትይዢው የቀረሽን ሁለት ዓመት በትክክል ማቀድ አትችይም።

እኔ ቅጥር ላይ ነው የምሠራው። ተማሪዎች «ግሬድ ምን ያህል ዋጋ አለው?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ የሚቀጥርሽ ሰው ያውቅሻል ወይስ አያውቅሽም? የማያውቅሽ ሰው ያለው ወረቀትሽ ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀት ይመዝንሻል። ሥራሽን በዓይኑ ያየ ሰው ግን ግሬድሽን ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይጠይቅሽም። ባንክ የምትፈልጊ ከሆነ የምትገቢው ወደማያውቅሽ ሰው ቤት ነው። ስለዚህ ለአንቺ ግሬድ ዋጋ አለው።

የባንክ ቅጥር እንዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ። ትልልቆቹ ባንኮች አዲስ ምሩቅ ሲቀጥሩ ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያውን የሚያወጣው አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የትምህርት ዓይነት ይጠቀሳል። የምረቃ ዓመት ይጠቀሳል፤ አንዳንዴም የዕድሜ ጣሪያ ይኖራል። ከዚያ ጂፒኤ ይመጣል። ማመልከቻው አሁን በአብዛኛው በኦንላይን ነው፤ ጂፒኤሽን ራስሽ ፎርሙ ላይ ትሞያለሽ። መስፈርቱ 3.00 ሆኖ አንቺ 2.98 ከሞላሽ ለፈተና ከሚጠሩት ውስጥ አትገቢም። እዚያ ደረጃ ላይ «ይህች ልጅ ጎበዝ ናት ወይ?» ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ፋይልሽንም የከፈተ የለም።

ይህን የሚያደርጉት 3.00 ያላት ልጅ 2.98 ካላት የተሻለች ሠራተኛ ትሆናለች ብለው አይደለም። ለጥቂት ቦታ የሚያመለክተው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ሁሉንም ጠርቶ መፈተን አዳራሽ ይጠይቃል፣ ፈታኝ ይጠይቃል፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ግሬድ ሰልፉን ማሳጠሪያ ነው። አመልካች ሲበዛ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈውም ከፍ አድርገው የሚቆርጡ አሉ። ምናልባት ወንድምሽን የገጠመው ይህ ሊሆን ይችላል። መስፈርቱን አሟልቶ ሳይጠራ ሲቀር «ዘመድ ያለው ተጠራ» ብሎ መደምደሙ አይገርምም። ስለዚህ መቁረጫውን ስለ ችሎታሽ እንደተሰጠ ፍርድ አትዪው። ግን አለ፤ ማለፍም አለብሽ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፦ አንዳንድ ማስታወቂያዎች ለሴት አመልካቾች ዝቅ ያለ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ብዙ ሴት ተማሪዎች የመጀመሪያውን መስመር አንብበው ተስፋ ይቆርጣሉ። እስከ መጨረሻው አንብቢ።

መቁረጫውን ካለፍሽ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። የጽሑፍ ፈተና ትቀመጫለሽ፦ እንግሊዝኛ፣ የቁጥር ችሎታ፣ አመክንዮ፣ አንዳንዴ የሙያ ጥያቄ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ 3.80 ያለውም 3.02 ያላትም እኩል ይጀምራሉ። ካምፓስ ውስጥ ሰቃይ የነበረ ልጅ ሰዓት ሲያጥረው ሲደነግጥ አይቻለሁ። ነጥቡ መቁረጫውን ለጥቂት ያለፈ ልጅ ደግሞ የቁጥር ጥያቄዎቹን ተለማምዶ ስለመጣ ረጋ ብሎ ሠርቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ግሬድ የሚነሣው ትራንስክሪፕቱ ላይ ዓይን የሚስብ ነገር ካለ ነው። ለምሳሌ ለኦዲት ክፍል አመልክተሽ ኦዲቲንግ ላይ ሲ ካለሽ ትጠየቂያለሽ።

አሁን ወደ 2.71 እንምጣ። ስሜትን ወደ ጎን አድርገን እናስላው፤ አካውንቲንግ ተማሪ ስለሆንሽ አይከብድሽም። እስካሁን 74 ክሬዲት ወስደሻል፣ 70 ቀርቶሻል እንበል። ትክክለኛውን ቁጥር ከራስሽ ካሪኩለም ላይ አውጪና ተኪው። 74 ሲባዛ በ2.71 ወደ 200.5 ነጥብ ይመጣል። በ144 ክሬዲት 3.00 ለመሆን 432 ነጥብ ያስፈልግሻል። ልዩነቱ 231.5 ነው። ይህን ለ70 ስታካፍይው 3.31 ይሆናል። ማለትም በቀሩት ኮርሶች ከ3 አንዱን ኤ፣ ሁለቱን ቢ እያመጣሽ ከሄድሽ በ3.01 ትመረቂያለሽ። ይቻላል። ቀላል አይደለም፤ ግን የሚሆን ነገር ነው።

በሁሉም ኮርስ ቢ ብታመጪስ? 2.85 ላይ ትቆሚያለሽ። ስለዚህ «ደህና ቢ ቢ እየሄድኩ ነው» ብለሽ እንዳትዘናጊ። አንዲት ሲ ከገባች ደግሞ በእኩል ክሬዲት አንዱን ቢ ወደ ኤ ማሳደግ ይጠበቅብሻል። 3.25 ለመድረስ ግን በቀሪው ሁሉ 3.82 ማምጣት አለብሽ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ ተመራቂነት የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ለእሱ ብለሽ እንቅልፍሽን አትጪ። ለምትፈልጊው ሥራ 3.25 እና 3.05 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። 2.95 እና 3.05 መካከል ያለው ግን ትልቅ ነው። ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውዪው።

እንዴት? ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ያለ ኤ ባለ 2 ክሬዲት ላይ ካለው እጥፍ ይመዝናል። ሴሚስተሩ ሲጀመር ከባድ ክሬዲት ያላቸውን ለይተሽ ያዢ። ሁለተኛ፣ ሚድ እና አሳይመንት ላይ የሚጠፋው ነጥብ ብዙ ነው። ብዙ ተማሪ ፋይናል ላይ «እሰቅላለሁ» ብሎ ይጠብቃል፤ ግን ተከታታይ ምዘናው ላይ ከጣለ በኋላ ፋይናሉ ብቻውን አያወጣውም። ሦስተኛ፣ የሚድ ወረቀትሽን አስተማሪሽ ዘንድ ሄደሽ እዪ። ለክርክር ሳይሆን የት እንደሳትሽ ለማወቅ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ጥቂት ነው። አስተማሪውም ያውቅሻል፤ ነገ የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቂው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ካበላሸብሽ አትፍሪ። እኛ አካባቢ ያለፉት ዓመታት ምን እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ተቋርጧል፤ ካላንደር ተዛብቷል። ትራንስክሪፕት ላይ እያንዳንዱ ሴሚስተር ለየብቻው ይታያል። 2.4፣ 2.6፣ 2.9፣ 3.3፣ 3.5 እያለ የሚወጣ ልጅ ለእኔ ጥሩ ምልክት ነው። «ፍሬሽ እያለሽ ለምን ዝቅ አለ?» ብትባዪ በአጭሩ መልሺ። ምን እንደነበረና ምን እንደቀየርሽ ተናገሪ፤ ይበቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። 2.97 ይዘሽ ፎርሙ ላይ 3.00 እንዳትጽፊ። «ማጠጋጋት ነው» የሚሉሽ ጓደኞች ይኖራሉ። ማስረጃ የሚጣራው ከሬጅስትራር በሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ልዩነቱ ሲገኝ ከቅጥሩ መሰረዝ ብቻ አይደለም፤ ስምሽ በሐሰተኛ መረጃ ይነሣል። በሐሰት የተሠራ ትራንስክሪፕት የሚያቀርብ ሰውም ሊመጣብሽ ይችላል። ያ ወንጀል ነው። ከተቀጠሩ ዓመታት በኋላ እንኳ ማስረጃ ሲጣራ ከሥራ የወጡና የተከሰሱ ሰዎች አሉ።

ወንድምሽ ስላለው ስለ ዘመድ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የለም ብዬ አልዋሽሽም። አለ። በተለይ ማስታወቂያ በሰሌዳ ተለጥፎ በሦስት ቀን በሚነሣበት፣ ፈተናው እዚያው ወጥቶ እዚያው በሚታረምበት ቦታ አለ። ያናድዳል፤ መናደድም ተገቢ ነው። ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ግሬድ አያስፈልግም» ማለት የተገላቢጦሽ ነው። ዘመድ ያለው ልጅ በ2.1 ሊገባ ይችላል። ዘመድ የሌላት ልጅ ምን አላት? ማንም ደውሎ ሊሰጣት የማይችል፣ ማንም ደውሎ ሊነጥቃት የማይችል ነገር ይኸው ውጤቷ ነው። ግሬድ ከማንም በላይ የሚጠቅመው የሚደውልለት ለሌለው ልጅ ነው። አባትሽ «3 ነጥብ» እያሉ የሚጨነቁት ይህን በሕይወት ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ከጂፒኤ ሌላ አሁን ሁለተኛ ቁጥርም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። 3.5 ይዘው የወደቁ ነበሩ። 2.4 ይዘው ያለፉም ነበሩ። ለቀጣሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የአንዱ ዩኒቨርሲቲ 3.2 ከሌላው 3.2 ጋር እኩል ይሁን አይሁን ማወቂያ አልነበረም። ለአንቺም ጥሩ ዜና ነው። በሽምደዳና በኩረጃ የመጣ ኤ እዚያ ይፈተሻል፤ ገብቶሽ የተማርሽው ቢ ደግሞ እዚያ ዋጋውን ያገኛል። ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ኮስት፣ ኦዲቲንግና ታክስን ለግሬድ ብቻ ሳይሆን ተመራቂ ስትሆኚም እንዲያገለግሉሽ አድርገሽ ያዢያቸው። ማስታወሻሽንም አትጣዪ።

3.00 ባይደርስስ? ባንክ ማለት አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ባንኮች ብቻ አይደለም። ባለፉት ዓመታት አዳዲስ ባንኮች ተከፍተዋል። አማራ ባንክ ሥራ የጀመረው በሰኔ 2014 ዓ.ም. ነው። ከአብቁተ (ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ወደ ባንክነት ያደገው ጸደይ ባንክም ገና አዲስ ነው። መስፈርታቸው ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እንደ ቦታውና እንደ አመልካቹ ብዛት ይለያያል። ያኛው ማስታወቂያ አልፎሽ ሲሄድ ይኸኛው ሊሆንሽ ይችላል።

ከባንክ ውጭ ያለውን ጎንደርንም እዪው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ላይ ብዙውን ጊዜ ወሳኙ ፈተናው ነው፤ ዲግሪውና የመውጫ ፈተናው ካለሽ ትመዘገቢያለሽ። በሕጉ ደግሞ ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካለ ለሴት አመልካች ቅድሚያ ሲሰጥ ቆይቷል። ሆቴሎች አሉ። ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ራሳቸው ትልልቅ ቀጣሪዎች ናቸው። ዳሽን ቢራ ፋብሪካ እዚሁ ነው። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች አሉ። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የሆነ ነጋዴ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ የሒሳብ ሰው ይፈልጋል። ነጋዴው ጂፒኤሽን አይጠይቅሽም። «ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌሩን) ትችያለሽ? የቫት ሪፖርት በየወሩ ታሳውቂያለሽ? ቅጣት አታመጪብኝም?» ነው የሚልሽ።

ግሬድ የግድ ከፍ ማለት ያለበት ቦታም አለ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት መምህር መሆን ከፈለግሽ የሚወዳደሩሽ የዲፓርትመንቱ ሰቃዮች ናቸው። ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል የሚፈልግም እንደዚያው። የአንቺ ሕልም ይህ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ከተቀጠርሽ በኋላ ግሬድ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስለ ኮሌጅ ውጤትና ስለ ሥራ ብቃት የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው አይተው ነበር። ሁለቱ የሚገናኙበት መጠን ከ1 ውስጥ 0.16 ሆነ። የመለኪያ ጉድለቶችን ሲያርሙ ወደ 0.3 ከፍ አለ። ግንኙነት አለ፤ ግን ግሬድ ስለ ሠራተኛው የሚናገረው ከምናስበው በታች ነው። ከምረቃ በኋላ ዓመታት በጨመሩ ቁጥር ደግሞ ግንኙነቱ ይቀንሳል። ጉግልም ድሮ ከሁሉም አመልካች ጂፒኤ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የሰው ኃይል ኃላፊው ላዝሎ ቦክ ከተመረቁ ጥቂት ዓመታት ካልሆናቸው ሰዎች በስተቀር መጠየቅ እንደተወ ተናግሮ ነበር። እኛም ጋ የማየው ይህንኑ ነው። ሦስት ዓመት የሠራች የሒሳብ ባለሙያ ስትመጣ የምናየው ምን እንደሠራች ነው። ስለዚህ 3.00 የሚያስጨንቅሽ ለመጀመሪያው ሥራ ነው። ዕድሜ ልክሽን አይከተልሽም።

አሁን ወደ መደብሩ ሥራሽ። አትተዪው እላለሁ። በእጅሽ ያለው ነገር ብዙ ተመራቂ የሚመኘው ነው፤ አንድ ሰው ሒሳቡን አምኖ ሰጥቶሻል። ግን ግሬድሽን እንዳይበላ በልክ ያዢው። ባለቤቱን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪ። በሚድና በፋይናል ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ወጥተሽ፣ በሌላው ጊዜ በሳምንት ሦስት ከሰዓት ብትገቢ ምን ይላል? ጥሩ ሠራተኛ ከሆንሽ እሺ ይላል። ፈጽሞ እምቢ ካለና ሴሚስተሩ ከባድ ከሆነ፣ ያኔ ለዚያ ሴሚስተር ውጪ። 3.31 የሚጠይቅ ስሌት ላይ ነሽና ቅድሚያው ግልጽ ነው።

እዚያ እያለሽ ደግሞ ሽያጭ መመዝገብ ላይ ብቻ አትቁሚ። ፔሮሉን (የደመወዝ ሰነዱን) ልሥራው በይ። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ እንደሆነ ሁሉም ተማሪ በቃሉ ያውቃል፤ በእውነተኛ ደመወዝ ላይ አስልቶ፣ የሥራ ግብሩን ቀንሶ፣ በወቅቱ ያሳወቀ ግን ጥቂት ነው። የባንክ ስቴትመንቱን ከመዝገቡ ጋር አስታርቂ። ቃለ መጠይቅ ላይ «መዝገብሽና የባንኩ ስቴትመንት ባይስማሙ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣብሽ ይችላል። መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ልጅ ትርጉሙን በቃሉ ይወጣዋል። የሠራችው ልጅ ግን «መጀመሪያ ወጥቶ ያልተመነዘረ ቼክ እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ አያለሁ» ትላለች። ጠያቂዎቹ ቀና ብለው የሚያዩሽ ያኔ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በሚመለከት ከወዲሁ እወቂ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የሚመጣን ልምድ የሚቆጥሩት ብዙውን ጊዜ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ሲኖረው ነው። ከምረቃ በፊት የተሠራውን ደግሞ በአብዛኛው እንደ ዓመት ልምድ አይዙልሽም። ስለዚህ ደብዳቤው «2 ዓመት ልምድ» በሚል ማስታወቂያ ላያስመዘግብሽ ይችላል። ለዜሮ ዓመት ቦታ ስትወዳደሪና ቃለ መጠይቅ ላይ ስትቀርቢ ግን ከሌላው ይለይሻል። በመደብሩ ፔሮል ላይ ስምሽ መኖሩን፣ ግብርሽም መከፈሉን አሁኑኑ ጠይቂ። ከሌለ እንዲገባ አድርጊ። ስትለቂ ደብዳቤው ማኅተም፣ የጀመርሽበትና ያቆምሽበት ቀን፣ የሠራሽው ሥራ ዝርዝር ይኑረው። «ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች» ብቻ እንዳይል፤ ፔሮል፣ የባንክ ማስታረቅ፣ የስቶክ ምዝገባ፣ የቫት ሪፖርት እያለ ይዘርዝር።